ለተመረጡ ገበያዎች

የኩባንያውን ስም አልጠራም። ብጠራው ማስታወቂያ ይሆንለታል፤ እኔ ደግሞ ለነዚያ ሰዎች በነጻ የምሠራው ነገር የለም። ባሕር ማዶ እንዳለ፣ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ እንደሚሠራ፣ ካርቶኑ ላይ ሁልጊዜ እሳት የሚተፋ ሮቦት እንደሚስል ማወቅ ይበቃል።

አባቴ ኸሊፋ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። እኔ ሳልወለድ ነው ከስልጤ የመጣው። መጀመሪያ ባትሪና ሬዲዮ ሸጠ፤ ከዚያ ቴፕና ቴሌቪዥን፤ ዩኒቨርሲቲው ሲሰፋና ተማሪው ሲበዛ ደግሞ የኮምፒውተር ዕቃ ጀመረ። ስለ ኮምፒውተር አያውቅም፣ አውቃለሁም ብሎ አያውቅም። የሚሸጠው በቃሉ ነው። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና እጁን ጭኖበት "በኔ ይሁንብህ" ይላል። ምዕራብ ዓባያ ድረስ ያሉ ባለሱቆች ይህን ሰምተው ሌላ ሳይጠይቁ ገዝተው ይሄዳሉ። እኔ ልጁ ረይሐና በ2002 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ስል እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

በኛ ከተማ ካርድ የሚገዛ ሰው ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ "ስንት ጊጋ ነው?" ጤፍ የሚገዛ ይመስል! ስንቱን አስረድቻለሁ። ጊጋው ማስቀመጫው ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ቺፑ ነው፣ ቺፕ ደግሞ ትውልድ አለው እላለሁ። ሰውየው እስክጨርስ በትዕግሥት ይነቀንቅና "እሺ፣ ታዲያ ባለ ሁለት ጊጋው የቱ ነው?" ይለኛል። ደሜን ያፈላዋል።

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የነበሩት ካርዶች የተሠሩበትን ብቻ የሚያውቁ ነበሩ፤ ይህን ሥዕል እዚህ ለጥፍ ሲባሉ ይለጥፋሉ፣ ሌላ ነገር ሲታዘዙ ዝም ነው። ከነሱ በኋላ መማር የሚችሉ መጡ። ግን አንዱ ክፍላቸው ቅርጽ ብቻ፣ ሌላው ቀለም ብቻ ይሠራ ስለነበር ቅርጽ ሲበዛ የቀለሙ ክፍል እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቀጥሎ ሁሉም ክፍል ሁሉንም ሥራ የሚሠራበት ትውልድ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ቅርጹን ራሱ እየከፋፈለ የሚያለሰልስ፣ ከሥዕል ውጭ ያለ ስሌትም የሚሠራ ሆነ። አዲስ ፕሮግራም ስትጭን መጀመሪያ ካርዱን የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ የየትኛው ትውልድ ነህ? ምን ትችላለህ? ካልቻልክ በሩን ይዘጋብሃል። ጊጋህ ቢቆለል አያዝንልህም።

ዘርአብሩክ ይህን ያውቅ ነበር። ተራራ ላይ ያለችው የጋሞ መንደር፣ የኦቾሎ ልጅ ነው፤ ሕንፃ ዲዛይን ተምሮ ተመርቆ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሰው የቤት ፕላን ይሠራ ነበር። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደስታ ፊቱን ሞልቶት ሱቃችን ገባ። አንድ ባለሀብት ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ሎጅ ሊያሠራ ነው፤ ሥራውን ለዘርአብሩክ ሊሰጠው ተቃርቧል፤ ግን ሎጁን እንደ ፊልም በስክሪን ውስጥ እየተዘዋወረ ማየት ይፈልጋል። ለዚያ የሚሆነው ፕሮግራም የመጨረሻውን ትውልድ ካርድ ይጠይቃል።

"ስንት ጊጋ?" አላለም። "ቺፑ አዲሱ ነው ወይ?" አለ። አቅፌ ብስመው ደስ ባለኝ።

መደርደሪያው ላይ 810 የሚባለው ካርድ ነበር። ቁጥሩ አዲስ ነው፤ የኩባንያው ድረ ገጽም 810 ማለት አዲሱ ቺፕ ነው ይል ነበር። ቢሆንም አንዱን ከፍቼ ኮምፒውተር ላይ ልሞክረው ፈለግሁ። አባቴ ክፉኛ ተቆጣ። በኛ ነጋዴዎች ዘንድ ካርቶን ታሽጎ ከመጣ እሽጉን የሚፈታው የመጨረሻው ገዢ ነው። ይህንን ካርቶን ከአዲስ አበባ የላከው አጎቴ ሳላዲን ነው፤ እሱ የላከውን በደንበኛ ፊት ቀድዶ መፈተሽ ሳላዲንን በአደባባይ ሌባ ነህ ከማለት አይለይም።

"ነውር ነው ረይሐና" አለኝ። ከዚያ እጁን ካርቶኑ ላይ ጫነ። "አዲስ ነው ልጄ፤ በኔ ይሁንብህ።"

ዘርአብሩክ አምኖ ወሰደ።

የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ካርዱን ሰክቶ ሲሞክር ፕሮግራሙ እምቢ አለው። ሶፍትዌሩን ነቅሎ እንደገና ጫነ፤ ኮምፒውተሩን አጽድቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጥፋቱን ከራሱ ሲፈልግ ቀጠሮው ደረሰ። ባለሀብቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ሎጅ የለም፣ ሐይቅ የለም፤ "ይህ የግራፊክስ ካርድ አይደገፍም" የሚል አንዲት መስመር ብቻ። ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ተነሣ። ሥራው ሐዋሳ ላለ ቢሮ ተሰጠ።

ዘርአብሩክ ቅዳሜ ገበያ በደራበት ሰዓት መጣ። ገና ከመንገዱ ማዶ ይጮኽ ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ነው! አዲስ ነው ብሎ በቃሉ የሸጠልኝ! አሮጌውን አዲስ ብሎ! ሌባ!"

ካርዱን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ "አፍህን ዝጋ! አባቴ አይሰርቅም!" ብዬ ጮኽሁ። ከተማው ግን የሰማው እኔን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ጭር አለ። የድሮ ደንበኞች በማዶው ጠርዝ ያልፋሉ፤ ሰላምታቸው እንኳ አጠረ። ከምዕራብ ዓባያ ይመጡ የነበሩት ቀሩ። አባቴ ሕንፃ የለው፣ መኪና የለው፤ ያለው ይህ "ኸሊፋ ካለ እውነት ነው" የሚባለው ነገር ብቻ ነበር፣ እሱን ቀሙት። እናቴ ሐሊማ ምሳ ስታመጣለት "በልቻለሁ" ማለት ጀመረ። ያልበላውን! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ካርዱን ወሰድኩና ፈታሁት። ማቀዝቀዣውን ነቅዬ፣ የደረቀውን ቅባት ጠርጌ ቺፑን አየሁት። አወቅሁት! ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የላብራቶሪያችን ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበረው ቺፕ ነው፤ ያው ራሱ። ያኔ 310 ይባል ነበር። ጀርባው ላይ ትልቅ ማስቀመጫ አሸክመው፣ ሮቦቱን በአዲስ ቀለም ስለው፣ 810 ብለው ልከውልናል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳላዲንን ነው። ደወልኩና ታላቄ መሆኑን ረስቼ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

"ረይሐና፣ እኔ ከወኪሉ ነው የገዛሁት" አለ። "እሽጉም የነሱ ነው። ሐሰተኛ ዕቃ አይደለም እኮ። ካርዱም ካርቶኑም የኩባንያው ነው።"

እውነቱን ነበር። ያበሳጨኝም ይኸው ነው። የተነካ እሽግ የለም፣ የተጭበረበረ ካርቶን የለም። ድረ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አዲሱን ቺፕ የሚያሞግሰው ሁሉ በትልልቅ ፊደል ነው፤ ከሥር፣ ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል እንዲህ ይላል፤ "ለተመረጡ ገበያዎች የሚቀርበው 810 ቀደም ያለ የቺፕ አርኪቴክቸር ሊጠቀም ይችላል።"

ለተመረጡ ገበያዎች! ተመርጠናል ማለት ነው። ማን እንደመረጠን፣ በምን እንደመረጠን የሚነግረን የለም። አንድ ቁጥር፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ሮቦት፤ እዚያ ማዶ ላለው ሰው አዲሱን፣ ለኛ የተረፈውን። ደግሞ ሕጋዊ ነው፤ ጽፈውታል እኮ!

ጻፍኩላቸው። በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ደንብ፣ የቺፑን ፎቶ አያይዤ። ምን እንደጠፋ ነገርኳቸው፤ የአንድ ልጅ ሥራ፣ የአንድ ሽማግሌ ስም። መልስ መጣ። ስለ ታማኝ ደንበኝነቴ አመሰገኑኝ። የምርታቸው ስም የገበያ ደረጃን እንጂ የቺፑን ትውልድ እንደማያመለክት ገለጹልኝ። በመጨረሻም ለአገልግሎታቸው ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምሰጥ ጠየቁኝ። ስክሪኑን በቡጢ ልለው ነበር፤ የአባቴ ስክሪን ስለሆነ ተውኩት።

በዚያ ሰሞን የዘርአብሩክ አጎት ጋሽ ካሱ ከኦቾሎ መልእክት ላከ። ጋሽ ካሱ ሸማኔም ሽማግሌም ነው፤ የኦቾሎ ሰው ሲጣላ የሚሰበሰብበት ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ላይ የሚቀመጥ ሰው። "በአንድ ገበያ የምንገናኝ ሰዎች ተቀያይመን መኖር አንችልም፤ ውጡና ነገሩ ይታይ" አለ። አባቴ ወዲያው እሺ አለ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ከካርዱ የነቀልኩትን ቺፕ፣ የድረ ገጹን ጽሑፍና የነሱን መልስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በመጨረሻ የሚፈርድ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር።

መኪና እስከሚደርስበት ሄደን ቀሪውን በእግር ወጣን። አባቴ በየመሃሉ እየቆመ ይተነፍስ ነበር። ዱቡሻው ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው፤ የተደረደሩ የመቀመጫ ድንጋዮች፣ መሬቱ ላይ የተነሰነሰ እርጥብ ሣር፣ ከሥር ቡናማው የዓባያ ሐይቅ። ሽማግሌዎቹ ቡልኮ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዘርአብሩክ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ አቀርቅሯል። ከስቷል። ልቆጣው ያዘጋጀሁት ሁሉ ትንሽ ቀዘቀዘብኝ፤ ትንሽ ብቻ።

ጋሽ ካሱ አማርኛ ይናገራል፤ እኔን "አንተ" ይለኛል እንጂ ሌላው ጥሩ ነው።

"በል ልጄ፣ አንተ ተምረሃል" አለኝ። "ይሄ ዕቃ ምን ሆነ? ለነዚህ ሰዎች እኔ በጋሞኛ እነግራቸዋለሁ።"

ተነሣሁ። የድሮ ካርድ ውስጥ የሥራ ክፍፍል ነበር አልኩ፤ ልክ እዚህ ሴቱ እንደሚፈትል፣ ወንዱ እንደሚሸምን፣ አንዱ የሌላውን እንደማይነካ። አዲሱ ላይ ግን ሁሉም ይፈትላል፣ ሁሉም ይሸምናል፤ ስለዚህ ማንም ሥራ አይፈታም። ጋሽ ካሱ ሲተረጉመው ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ወንድ ይፈትላል ወይ? ይላሉ" አለ ጋሽ ካሱ እሱም እየሳቀ።

"ካርዱ ውስጥ ይፈትላል" አልኩ። "ከዚያ የባሰም አለ። የመጨረሻው ትውልድ ያልታዘዘውን ጥለት ራሱ እያሰላ ይጨምራል። የዘርአብሩክ ፕሮግራም የሚፈልገው እሱን ነው። የተላከልን ግን የድሮው እንጂ የመጨረሻው ትውልድ አይደለም። ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት።"

ሳቁ ቆመ። ቺፑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ ጥፍሩ ላይ አስቀምጦ አየው። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ፣ በተራ፣ ሳይቸኩሉ።

"ኸሊፋ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

"የላከለት ወንድምስ?"

"እሱም አያውቅም። እንደታሸገ ገዝቶ እንደታሸገ ነው የላከው።"

"ታዲያ ውሸቱን የተናገረው ማነው?"

"ሠሪው ነው!" አልኩ። ድምፄ ሸለቆውን ሲመታው ተሰማኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ ለተመረጡ ገበያዎች የሚለውን፣ የኮከቡንም ጭምር።

ጋሽ ካሱ ተረጎመ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ፤ የሁሉም ፊት ተቀይሯል። ቁጣዬን ያየሁባቸው መሰለኝና ልቤ ዘለለ።

"ይጠራ ይላሉ" አለ ጋሽ ካሱ።

"ማን?"

"ሠሪው ነዋ። እዚህ ይምጣና ይናገር።"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ አይመጣም። እንኳን እዚህ አዲስ አበባም አይመጣም።"

"ሰው አለው? የሚልከው?"

"የለውም።"

ጋሽ ካሱ ከመሬቱ ላይ ሣር በጠሰ። "እንግዲያ ከባድ ነው" አለ። "እኛ ጋ ይቅር የሚባለው 'እኔ ነኝ' ያለ ሰው ነው። 'እኔ ነኝ' የሚል ከሌለ ነገሩ አይዘጋም። አባትህ ንጹሕ ነው፣ ተረድተናል። ግን ነገሩ ክፍት ነው። ክፍት እያለ ይሄ ልጅ የአባትህን ሰላምታ አይቀበልም፣ የዚህ አገር ሰውም ከሱቁ አይገዛም። ሠሪው እስኪመጣ ይጠበቃል።"

እስኪመጣ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ንጹሕ ነው ብላችሁ ትቀጡታላችሁ?" አልኩ። "እነሱ በሠሩት አባቴ ይጦም? ይሄ ነው ፍርዱ?"

"ቅጣት አይደለም" አለ ጋሽ ካሱ። "ያልተዘጋ ነገር ነው።"

ያኔ አባቴ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከመሬቱ ላይ እርጥቡን ሣር ጨብጦ አነሣ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከሽማግሌዎቹ ዘግይቼ ገባኝ።

"እኔ ነኝ" አለ። "አዲስ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አባዬ ተቀመጥ!" እጁን ያዝኩት። "አልዋሸህም! አሁን እኮ ንጹሕ ነው ብለዋል!"

"ልጁ እነዚያን ሰዎች አያውቃቸውም" አለ፤ ለኔ ይሁን ለነሱ አልለየሁም። "ፊታቸውን አይቶ አያውቅም። ያመነው እኔን ነው። አዲስ ነው ወይ ብሎ እኔን ጠየቀ፣ አዲስ ነው አልኩት። አዲስ አልነበረም። ዋሽቻለሁ። ይቅር በሉኝ።"

ስንት ቀን የለፋሁበት፣ ቺፕ ነቅዬ፣ አጎት ሰድቤ፣ ባሕር ማዶ ጽፌ ያወጣሁትን ንጹሕነቱን በአንድ ቃል አፈረሰው! የነዚያን ውሸት፣ የእሳት ተፊውን ሮቦት ውሸት፣ ይሄ ሽማግሌ ሰው በእጁ ይዞ ቆሟል።

ዘርአብሩክ ከድንጋዩ ተነሥቶ መጣ። አባቴ ፊት ተንበርክኮ እጁን ሊስም ታገለ፤ አባቴ አሻፈረኝ አለ። "ይቅር ብያለሁ ጋሼ" አለ ልጁ፤ "እኔንም ይቅር ይበሉኝ፤ በገበያ መሃል ሰድቤዎታለሁ።" እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ይቅር አሉ። የነሱ ደንብ እንዲህ ነው፤ ዱቡሻው ላይ ያለ ሰው ሁሉ በየአፉ ይቅር ካላለ ነገሩ አይዘጋም። ዙሩ እኔ ጋ ደረሰ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ቀረህ" አለ ጋሽ ካሱ።

"አልልም" አልኩ። "ምን አደረገና ነው ይቅር የምለው? ያልሠራውን ይቅር አልልም።"

ማንም አልተቆጣኝም። ጠበቁ። ነፋሱ ሣሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ አባቴ የጨበጠውን ሣር ሳይለቅ እንደቆመ ነው። ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ እኔ ካላልኩ አይቀመጥም። ያ ኩባንያ በዚያች ሰዓት ምን ሲያደርግ ነበር? ምናልባት ለቀጣዩ ቁጥር አዲስ ሮቦት ይስል ነበር።

"ረይሐና" አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። "ደክሞኛል።"

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከልቡ ያላለ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አባቴን ደግፈው አስቀመጡት፤ ዘርአብሩክ ውኃ አመጣለት። ስንወርድ ምንም አላወራሁትም። እሱ ግን ከመጣንበት ይልቅ ፈጠን ብሎ ይራመድ ነበር፤ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም እያለ፣ ሰዎቹም እየመለሱለት። ዳገቱ ሲያልቅ ቆመና አየኝ።

"አኮረፍሽኝ?"

"አዎ" አልኩ። "እውነቱን ይዤልህ ወጥቼ ነበር። ለምን ጣልከው?"

"አልጣልኩትም። እነሱ መጥተው እኔ ነኝ እስኪሉ ብጠብቅ ሌባ እንደተባልኩ እሞት ነበር" አለ።

ይህን ሲል አንዳች ንዴት በድምፁ ውስጥ አልነበረም። ፈገግ ብሎ ነበር የተናገረው፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ሁሉ ያበገነኝ ይሄ ነው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።